ኮሌጁ ጥሎት የሄደ ትምህርት ቤት

ከበቾ ቦሬም ሆነ ከሌላው የጅማ ሰፈር አንዱን አስቁማችሁ ግብርና ኮሌጅ የት ነው ብትሉት መንገዱን ያሳያችኋል። አንድ ጊዜ ከላዩ ላይ ኮሌጅ ተነሥቶ እንደሄደበት ግን ብዙ ሰው አያነሣም።

ነገሩን ያመጡት የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 አገራችን መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መከሩ። በ1951 መጨረሻ ግን ኢራን ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ሐሳቡ አልሞተም። በ1952 ውሉ ተፈረመ፤ የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ዓለማያ ገና እየተገነባ ስለነበር የኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎች ቀለም የቆጠሩት ጅማ ነው።

አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት ትምህርት ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬውን ማሠልጠንን አንድ ላይ የሚያስር ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ከሞፈር ሸሽቶ ትምህርት ቤት የገባን ልጅ መልሰው እርሻ ውስጥ ሲያስገቡት! በእኛ አገር የተማረ ሰው ወንበር እንጂ ጭቃ አይጠብቅም።

በ1956 ኮሌጁ ጓዙን ጠቅልሎ ዓለማያ ገባ። ለጅማ የቀረላት ዝቅ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ኦክላሆማዎችም በ1968 ከኢትዮጵያ ወጡ። የፈረንጅ እጅ ያቆመው ነገር ፈረንጁ ሲሄድ ሲፈርስ ስንት ጊዜ አየን? ይሄኛው ግን ቆመ። ያቆመው፣ በእኔ ግምት፣ ቡናውና ገበሬው ከአጥሩ ማዶ መሆናቸው ነው፤ የሚያስተምረው ነገር ደጁ ላይ ይበቅላል። በደርግ ዘመን ጁኒየር ኮሌጅ ሆነ፤ በ1999 ደግሞ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።