ከግድግዳው ቀፎ እስከ ጓሮው ቀፎ

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንዲት አዲስ እህታችን «ንብ ማነብ የወንድ ሥራ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። የሳቁ ነበሩ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥያቄዋ ረጅም ታሪክ አለው፤ በጓሯቸው ቀፎ ለማስቀመጥ ከማኅበራችን ብድር ለመውሰድ ያሰቡ እህቶችም ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ያደግሁት ዳባት አካባቢ ባለ ደጋ ነው። በአያቶቼ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር፣ እንደ ከበሮ የረዘሙ ቀፎዎች ተጋድመው ነበር። ቀፎውን የሚጎነጉነው አባባ ነው፤ በእበትና በአመድ እየለቀለቀች የምታደርቀው አያቴ ናት። ጥቅምት አልፎ አደዩና መቹ ሲረግፍ አባባ በሌሊት ጭስ ይዞ ማሩን ይቆርጣል። እኛ ሴቶቹና ልጆቹ በር ዘግተን እንጠብቃለን። ማሩ ቤት ከገባ በኋላ ሥራው እንደገና የአያቴ ነው፤ ታጣራለች፣ ሰሙን ታቀልጣለች፣ ጌሾ ወቅጣ ጠጅ ትጥላለች። የተረፈውን ገበያ አውጥቶ ብሩን የሚይዘው ግን አባባ ነበር። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ላይ ሴት አለች፤ ቀፎው ሲከፈትና ብሩ ሲቆጠር ብቻ የለችም።

ይህ የአንድ ቤት ልማድ ብቻ አልነበረም። ማር በአገራችን ከመንግሥት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የቅዱስ ላሊበላን ስም አባቶች «ማር ይበላል» ብለው ይተረጉሙታል፤ በተወለደ ጊዜ ንብ ከብቦት እናቱ ንግሥናውን እንዳወቀች ይነገራል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላም ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብዣ ክብር ሆኖ ኖረ፤ ጠላው ለሌላው ሕዝብ ነበር። ገበሬው ለባለ ጉልቱ ከሚያገባው ግብር አንዱም ማር ነው። ሰሙ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጧፍ ይሆናል፤ የተረፈውን የከተማችን ሙስሊም ነጋዴዎች ከቡናና ከዝባድ ጋር ጭነው እስከ ምጽዋ ያወርዱት ነበር። (ቅኔ የሚያውቁ ወንድሞቻችን የሚኮሩበት «ሰምና ወርቅ» እንኳ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ሰም ነው።) ለዚያ ሁሉ ግብር ጠጅ የጣለች የአንዲት ሴት ስም ግን እኔ ባነበብሁት ታሪክ ውስጥ አላጋጠመኝም።

የንቧ ስም ራሱ ይገርመኛል። የመንጋውን መሪ አባቶቻችን «አውራ» ይሏታል፤ እንደ አውራ ዶሮ መሆኑ ነው። ሰው ሲበተን «አውራ እንደሌለው ንብ» እንላለን። የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። አውሮፓውያንም ከጥንት ጀምሮ «ንጉሥ» ሲሏት ኖረው፣ ቻርልስ በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ሴት ናት ብሎ ተከራከረ። ስዋመርዳም የተባለ የኔዘርላንድ ሊቅ ደግሞ በዚያው ክፍለ ዘመን ሆዷን ከፍቶ የዕንቁላል ማኅፀኗን አሳየ። አበባ የሚቀስሙት፣ እንጀራውን የሚሠሩት፣ በር የሚጠብቁትም ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዱ ድንጉላ ይባላል፤ ማር አይሠራም፣ አይናደፍምም።

ታዲያ ሴት ለምን ከቀፎ ራቀች? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት የቀፎው አሠራር ነው። ቀፎ ከዛፍ ላይ ወይም ከፍ ካለ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ለመውጣት ደግሞ የቀሚስ ነገር አለ። የሚቆረጠው በሌሊት ነው። የማሩ እንጀራ ከቀፎው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ በጭስ ንቡን አባሮ በቢላ ከመቁረጥ በቀር መንገድ የለም፤ እጩም አብሮ ይጠፋል።

ይህን የለወጠው አንድ ትንሽ ግኝት ነው። ላንግስትሮት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 ንቦች ከ1 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ክፍተት ሲያገኙ በሰም እንደማይደፍኑት፣ መተላለፊያ አድርገው እንደሚተዉት አስተዋለ። በዚያ ልክ የተሠራ ፍሬም እየተነሳ ይታያል፤ ተመልሶም ይገባል። እኛ አገር ዘመናዊው ቀፎ የተስፋፋው ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ፍሬም፣ የሰም አሻራና የማር ማውጫ ማሽን ስለሚፈልግ ዋጋው ከባድ ነው። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው የሽግግሩን ቀፎ ነው። ከኬንያ የመጣ አሠራር ነው፤ በላዩ 3.2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጣውላዎች ይደረደራሉ፣ እንጀራው ከእነሱ ላይ ይንጠለጠላል። ከጨፈቃ ጎንጉኖ በጭቃና በእበት መለቅለቅ ይቻላል፤ ማለትም አያቴ የምታውቀው ሥራ ነው። ቁመቱ ከወገብ አያልፍም። ከባህላዊው ቀፎ በዓመት 5 ኪሎ አካባቢ ሲገኝ ይህኛው በደህና ዓመት እጥፍ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ብድሬን ቶሎ ለመክፈል ስል፣ ያለውን ማር በሙሉ ቆረጥሁ። ጥር ላይ አንድ ቀን ጧት ቀፎው ባዶ ነበር። የእኛ ንብ ከተራበች ወይም ከተረበሸች ትሄዳለች፤ እንደ ፈረንጅ ንብ ችላ አትቀመጥም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያን ንብ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው ሲሰይሙት በስሜን ስም ነው የጠሩት። ከዚህ ደጋ ብርድና ከአጭር የአበባ ወራት ጋር የኖረች ናትና ስንቋን ለማን ትተዋለች? አሁን ከየቀፎው እኩሌታውን ትቼ ነው የምቆርጠው፤ የቀፎውን እግር በአመድ ከብቤ ጉንዳን እከለክላለሁ፣ በበጋ ውኃ በገበታ አስቀምጣለሁ።

የቀረው ጭንቀቴ የአረምና የተባይ መድኃኒት ነው። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ወጥቷል፤ ከጎረቤቴ ባቄላ ላይ ረፋድ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ግን አዋጅ አያነብም። ባለፈው ዓመት ቡና አፍልቼ ጎረቤቶቼን ጠራሁና ተስማማን፤ የሚረጩ ከሆነ ዋዜማውን ይነግሩኛል፣ ንቡ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ ይረጫሉ። እኔም በቆረጥሁ ቁጥር ለየቤቱ አንድ አንድ ጭልፋ ማር እልካለሁ። ዘንድሮ ሁለቱም ቀፎዎቼ ክረምቱን ተሻግረዋል፤ ብድሩም ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል።