የቀዶ ሐኪሙ ጆሮ

ጫጫታ ጆሮ እንደሚጎዳ ለማወቅ ሳይንስ አላስፈለገም፤ ቀጥቃጭ ጎረቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች ጆሯቸው እየከበደ እንደሚሄድና በሙያው ካረጁ ጨርሰው እንደሚደነቁሩ ጽፏል።

ነገሩን በቁጥር ያስቀመጠልን ደግሞ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም ቶማስ ባር ነው። በ1886 መቶ ቦይለር ሠሪዎችን፣ ብረት ሲቀጠቅጡ የሚውሉትን፣ መረመረ። የአንዳቸውም ጆሮ ደህና አልነበረም። ስብሰባ ላይ ንግግር መስማት ከመቶዎቹ 75ቱን ይቸግራቸው ነበር፤ ከፖስታ አዳዮች ግን ከመቶ 8ቱን ብቻ።

ያኔ የቀዶ ሐኪም መጋዝ በእጅ የሚሳብ ነበር። ሞተሩ በኋላ መጣ። በ1940ዎቹ የሚሺጋኑ የአጥንት ሐኪም ሆመር ስትራይከር ቆዳ ሳይነካ ጀሶ የሚቆርጥ መጋዝ ሠራ። በ1962 እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ዳሌና ጉልበት መተካት እየተለመደ ሄደ፣ የአጥንት ቀዶ ጥገና ክፍልም መሰርሰሪያ፣ መጋዝና መዶሻ የሚጮኹበት አናጺ ቤት ሆነ ብንል አላጋነንም።

የባለሙያዎቹ ጆሮስ? በ1991 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ነባር የአጥንት ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ግማሽ ያህሉ ጫጫታ ያመጣው ጉዳት ምልክት ታየባቸው። ከባር 105 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ለምን እንዲህ ዘገየ? በእኛ ግምት ጆሮ ማጣት የጥላሸት ሰው ዕጣ ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው። ሒሳቡም ያዘናጋል። በአሜሪካ የሙያ ደህንነት ተቋም ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። (በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን የምናጮኸውን እኛንም ይመለከታል፤ ለሌላ ቀን እናቆየው።) መሰርሰሪያው ግን ጮኾ ዝም ይላል፤ የቀኑ አማካይ ሲወሰድ ከገደቡ በታች ሊወርድ ይችላል። የመዶሻው ምት በአማካዩ ውስጥ ይደበቃል።

ጫጫታ ቀድሞ የሚበላው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ እንደ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ» ያሉትን። ቦይለር ሠሪው የጓደኛውን ከንፈር ማየት ይችል ነበር። ቀዶ ክፍል ውስጥ ግን የሁሉም አፍ ተሸፍኗል። የማደንዘዣ ባለሙያው የደም ግፊት መውረዱን የሚናገረው ከማስክ ጀርባ ነው። ሐኪሙም ብረቱ አጥንቱ ውስጥ በደንብ መቀመጡን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ የመዶሻው ድምፅ መለወጥ ነው።