የሆድ ድርቀት ምንድነው? መቼስ ያሰጋል?

ደባርቅና ዳባት ብርድ ነው። ሲበርድ ደግሞ ውሃ አይጠማም፤ ቀኑን በቡና ብቻ የሚውለው ብዙ ነው። ለሆድ ድርቀት አንዱ መነሻ ይሄ ነው።

በየቀኑ ሽንት ቤት አለመሄድ ብቻውን ችግር አይደለም። ድርቀት የሚባለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን፣ ሰገራው ሲደርቅና ሲያስምጥ ነው።

ምን ያመጣዋል?

👉 ውሃ ማነስ፦ ትልቁ አንጀት ከሰገራው ውሃ ይመጣል፤ ሰገራው በቆየ ቁጥር ይደርቃል።

👉 ምግብ፦ ነጭ ዳቦና ፓስታ ፋይበራቸው ትንሽ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ጎመንና ተልባ ይሻላሉ፤ ግን ውሃ ይፈልጋሉ።

👉 መያዝ፦ መንገድ ላይ ነኝ፣ ሽንት ቤቱ ቆሻሻ ነው ብሎ መቆየት።

👉 መድሃኒት፦ ትራማዶል፣ ኮዴን፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው አይረን። አይረኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪም ጠይቁ።

👉 ብዙ መቀመጥ።

ብዙ ጊዜ ውሃ፣ እንቅስቃሴና ከምግብ በኋላ ሳይቸኩሉ ሽንት ቤት መቀመጥ ያስተካክለዋል። ደም ከታየ ወይም ያለምክንያት ከከሳችሁ ተመርመሩ።

ይሄን ግን ልብ በሉ፦ ሆድ ተነፍቶ፣ ሰገራም ፈስም ቆሞ፣ ቁርጠትና ትውከት ካለ አንጀት ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ደጋ አካባቢዎች፣ በተለይ በአዋቂ ወንዶች ላይ የሚታወቅ ነው። ኮሶም ሆነ የሚያስቀምጥ ኪኒን አትስጡት። ደም ያጣ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን አይነጋም ወይ ሳትሉ ሆስፒታል አድርሱት።