ከኸዲቩ ግብር እስከ ናስር ሲቲ ማዕድ

በካይሮ ምሥራቃዊ ወገን፣ ከዓባሲያ ሰፈር ወዲያ፣ በእንግሊዞች ዘመን የጦር ሰፈርና የአሸዋ ሜዳ ብቻ በነበረው ምድረ በዳ ላይ የተቆረቆረው ናስር ሲቲ ዕድሜው ከአንድ አረጋዊ ዕድሜ የማይበልጥ ከተማ ነው። ፕላኑን ያወጣው ግብጻዊው አርክቴክት ሰይድ ከሪም ሲሆን፣ የፕሬዚዳንት ገማል ዐብደል ናስር መንግሥት ግንባታውን የሚመራውን ድርጅት ያቋቋመው በ1959 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በማግሥቱ ዓመት ታላቁ ስታዲየም ተመረቀ፤ ቀጥሎም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የአል አዝሃር ዩኒቨርሲቲ አዳዲስ ፋኩልቲዎችና የመካከለኛው መደብ መኖሪያ የሆኑት ፎቆች በየተራ ተነሡ። ዛሬ በሙስጠፋ አል ነሐስና በመክረም ዑበይድ ጎዳናዎች፣ ወይም ከእነርሱ በሚገነጠሉት ጠባብ መንገዶች የሚመላለስ እንግዳ፣ ከመኖሪያ ፎቆች ሥር፣ በመድኃኒት ቤትና በልብስ መደብር መካከል፣ ፈረንጆች ቢስትሮ የሚሏቸውን ዓይነት የሰፈር ምግብ ቤቶች ያገኛል፤ በእነዚህም ቤቶች ዳቦና አይብ ለብሶ ምድጃ የገባው የፈረንሳይ የሽንኩርት ሾርባ፣ በእንጉዳይ መረቅ የሚቀርበው ስስ ሥጋ፣ ልዩ ልዩ ፓስታና ፒሳ በአንድ የምግብ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይነበባሉ።

ይህ ለታሪክ ተመልካች በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሙስጠፋ አል ነሐስ በ1937 በሞንትሮ ጉባኤ የግብጽን ልዑካን መርቶ፣ የውጭ አገር ሰዎች ከግብጽ ሕግና ግብር በላይ ሆነው ይኖሩበት የነበረውን ልዩ መብት ያስቀረ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው፤ መክረም ዑበይድም በዚያው ጉባኤ ከግብጽ ፈራሚዎች አንዱ የነበረ ቅብጣዊ ክርስቲያን ነው። ከተማው ራሱ የተመሠረተው ከ1956ቱ የሱዌዝ ጦርነት በኋላ፣ ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ተባርረው፣ ጣልያኖችና ግሪኮችም ንብረታቸውን እየሸጡ በመርከብ በሚሳፈሩበት ወራት ነው። ታዲያ ፈረንጆቹ በሄዱበት ዘመን በተሠራ፣ ፈረንጆችን ከሥልጣናቸው ባወረዱ ሰዎች ስም በሚጠራ ጎዳና ላይ የፈረንጆቹ ማዕድ እንዴት ተዘረጋ? የእኔ አስተያየት ምግቡ ከባለቤቶቹ ጋር ያልተሰደደው አስቀድሞ ባለቤት ለውጦ ስለ ነበረ ነው የሚል ነው፤ ይህንም ለማስረዳት ነገሩን ከምንጩ መጀመር ይገባል።

ምንጩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስሙ እንግዳ ያልሆነው ኸዲቭ እስማኤል ነው። በወጣትነቱ በፓሪስ የተማረው ይህ ገዥ፣ በ1867 ለዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ወደዚያው ከተማ ተመልሶ አዲሶቹን ሰፋፊ ጎዳናዎች ባየ ጊዜ፣ ከአባይ ዳር እስከ እዝበኪያ ያለውን የካይሮ ክፍል በዚያ አምሳል ሊያሠራ ቆረጠ፤ የእዝበኪያን የአትክልት ቦታ ፈረንሳዊው ባሪዬ ዴሻን ነደፈለት፣ የጣልያን ሊቃውንት የኦፔራ ቤት በጥቂት ወራት ውስጥ አቆሙለት፣ ይህም ቤት ኅዳር 1 ቀን 1869 በቬርዲ ሪጎሌቶ ተከፈተ። በዚያው ወር በ17ኛው ቀን የሱዌዝ ቦይ ሲመረቅ የፈረንሳይ ንግሥት ኤዤኒ ተገኝታ ነበር፤ ለእንግዶቹም ግብር እንዲያበሉ ከማርሴይና ከጣልያን ወደቦች በመቶ የሚቆጠሩ ወጥ ቤቶችና አስተናጋጆች በመርከብ መጡ። የፈረንሳይና የጣልያን ምግብ በግብጽ ምድር በአንድ ገበታ ላይ በዚህን ያህል ስፋት የቀረበበት ዓቢይ በዓል ይህ ነው ማለት ይቻላል፤ ማዕዱ ግን የነገሥታት ማዕድ ነበርና ወጪውን የከፈለው ፈላሕ፣ ማለት የግብጽ ገበሬ፣ አንድ ጉርሻ አልደረሰውም።

እስማኤል ያን ግብር ያበላው በብድር ነበር። ብድሩ ኦፔራና ቤተ መንግሥት ከማሠራት አልፎ ወደ እኛ አገር ጦር ለማዝመትም ውሏል፤ በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 በጉራ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊቱን ደመሰሱት። ጉንደት በሆነበት በዚያው በኅዳር ወር እስማኤል በሱዌዝ ቦይ ላይ የነበረውን ድርሻ ለእንግሊዝ መንግሥት ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ሸጠ። በ1879 ከሥልጣን ሲሻር የተሰደደው ወደ ኔፕልስ፣ ወደ መካሮኒ አገር ነው፤ የጣልያን ንጉሥ መኖሪያ ቤት ሰጠው፣ ልጁ ፉአድም በጣልያን አድጎ፣ በቶሪኖ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ኋላ የግብጽ ንጉሥ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ማዕዱ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ከተማው መሐል ወረደ። በ1927 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በግብጽ የሚኖሩ ጣልያኖች ከ50 ሺህ በላይ ነበሩ፤ ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ አታሚው፣ ሙዚቀኛውም ከእነርሱ ወገን ይገኝ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ የግብጽ የፖስታ ቴምብር ሳይቀር ጽሑፉ በጣልያንኛ ነበር። ፈረንሳይኛ ደግሞ ግብጾችና የውጭ አገር ሰዎች የሚከራከሩባቸው የቅይጥ ፍርድ ቤቶች፣ የባንኮችና የባለጸጎች ቤት ቋንቋ ሆኖ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘልቋል። የሁለቱ ባህል መገናኛ ሆኖ ስሙ ከሁሉ የገነነው ግሮፒ ነው፤ ባለቤቱ ጃኮሞ ግሮፒ ከሉጋኖ የመጣ፣ ዜግነቱ ስዊሳዊ፣ ቋንቋው ጣልያንኛ፣ የሚሠራው ጣፋጭና ክሬም ግን የፈረንሳይ የሆነ ሰው ነበር። በ1925 በሱለይማን ፓሻ አደባባይ የከፈተው ቤት፣ የመግቢያው በር በሞዛይክ ያጌጠ፣ ዛሬም ድረስ ይታያል። አደባባዩ የተሰየመለት ሱለይማን ፓሻ ራሱ ሊዮን ተወልዶ የግብጹን ገዥ የመሐመድ ዓሊን ሠራዊት ያሠለጠነ ፈረንሳዊ መኰንን ነበር፤ ኋላ ስሙ ተነሥቶ የግብጽን ባንክ በመሠረተው በጠልዓት ሐርብ ስም ተተክቷል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ባለቤቶቹ ነው። የታሪክ መጻሕፍት በአብዛኛው እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በምድጃው ፊት ቆሞ የነበረው ሰው ነው። በካይሮ ታላላቅ ቤቶችና ሆቴሎች ወጥ የሚሠሩትና በነጭ ቀሚስና በቀይ መታጠቂያ ገበታ የሚያሳልፉት ብዙዎቹ ከላይኛው አባይ የመጡ ኑብያውያን ነበሩ። የፓሪሱን መረቅና የኔፕልሱን ፓስታ በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ሠርተው፣ ያለ መጽሐፍ ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፉት፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ የትውልድ መንደራቸው በውሃ ተዋጠ፣ ያስተላለፉት ሙያ ግን በከተማው ቀረ። ስማቸውን የሚያነሣ መዝገብ እምብዛም አይገኝም፤ ይህም በእውነት የሚያሳዝን ነገር ነው።

ምግቡ ወደ ሕዝቡ የወረደበት ሁለተኛው መንገድ የትምህርት ቤት መንገድ ነው። ነዚራ ኒቆላ፣ ሕዝቡ አብላ ነዚራ የሚላት መምህርት፣ ከባልደረባዋ ከባሂያ ዑስማን ጋር በ1940ዎቹ ያወጣችው ታላቅ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሙሽሮች ወደ አዲሱ ቤታቸው ይዘውት የሚገቡ ንብረት ሆነ። ሁለቱም በመንግሥት ወጪ በእንግሊዝ አገር የቤት አያያዝ ትምህርት የተማሩ ነበሩ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩ የቅጠል ወጥ ሞሎኪያና የባሕር ማዶው መረቅ በአንድ ሥርዓት፣ በሚዛንና በስፍር ተጽፈው ቀረቡ። የነገሥታት ወጥ ቤት ምስጢር የነበረው ነገር በዚህ ዓይነት በደመወዝ የሚኖር የጸሐፊ ሚስት ልትሠራው የምትችለው ሆነ።

የፈረንሳይና የጣልያን ምግብ እውነተኛ ጋብቻ የታየውም በዚሁ በቤት እመቤቶች እጅ ነው። ግብጾች መካሮና በሻሜል የሚሉት ምግብ በናስር ሲቲ ከየፎቁ መስኮት የሚሸት፣ በየቢስትሮው ዝርዝር ላይም የማይጠፋ ነው። መጀመሪያ የተፈጨ የበሬ ሥጋ በሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በቲማቲም ይቁላላል፤ ቱቦ መሳይ ፓስታ ለብቻው ለጋ እንደሆነ ተቀቅሎ ይጠነፍፋል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፦ ቅቤ በድስት ይቀልጣል፣ ዱቄት ይጨመርበትና ሳይጠቁር በቀስታ ይታመሳል፣ ወተቱ ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል፤ አፍታ የተዘናጋች ሴት መረቁ ይጓጉልባታልና ስልክ እንኳ ቢጠራ አታነሣም። መረቁ ማንኪያውን ሸፍኖ መንጠባጠቡን ሲያቆም ግማሹ ከፓስታው ጋር ይለወሳል፣ ሥጋው በሁለት የፓስታ ንጣፍ መካከል ይገባል፣ የቀረው መረቅ ከላይ ይደፋበትና ትሪው ወደ ምድጃ ይገባል። ፊቱ ወርቃማ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው አይቆረጥም፤ ረጋ ብሎ ሲቀዘቅዝ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ሥጋው ከመካከል እየታየ፣ በሳሕን ይቀመጣል። መረቁ ስሙን ያገኘው ከሉዊ 14ኛ የግብር ቤት አዛዥ ከሉዊ ደ ቤሻሜይ ነው፤ ፓስታው የጣልያን ነው፤ ትሪው ግን የግብጽ ነው።

በዚህ መካከል ነገሥታቱ የደረሰባቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ታሪኩ ባሕሩን ወዲያና ወዲህ ስለሚሻገር። በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ ያወጀው የጣልያኑ ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ፣ በ1946 ዙፋኑን ለቅቆ ወደ እስክንድርያ ተሰደደ፤ በዚያም በታኅሣሥ 1947 ሞተ፣ የፉአድ ልጅ ንጉሥ ፋሩቅም በክብር አስቀበረው፣ ዐፅሙ ወደ አገሩ የተመለሰው ገና በ2017 ነው። አስቀባሪው ፋሩቅ ደግሞ በሐምሌ 1952 በነ ናስር አብዮት ከእስክንድርያ ወደብ ተሳፍሮ ወደ ጣልያን ሄደ፤ መጋቢት 18 ቀን 1965 ሌሊት በሮማ ከተማ፣ ኢል ደ ፍራንስ በሚባል ምግብ ቤት፣ ብዙ ከበላ በኋላ በገበታው ላይ እንዳለ ወደቀና ሞተ። የእስማኤል የልጅ ልጅ ፍጻሜው የፈረንሳይ ስም ባለው የጣልያን አገር ምግብ ቤት ሆነ። በዚያው ዘመን በናስር ሲቲ አዳዲስ ፎቆች ውስጥ የመምህራንና የመኰንኖች ሚስቶች ያንኑ መረቅ በጋዝ ምድጃ ላይ ያማስሉ ነበር።

የዛሬው የናስር ሲቲ ቢስትሮ የእነዚህ ቤቶች ልጅ እንጂ የግሮፒ ልጅ አይመስለኝም። በዓርብ ከሰዓት በኋላ ገበታውን የሚሞላው ቤተሰብ ነው፤ አያት ከራስጌ ትቀመጣለች፣ ልጆች ለስላሳ ዳቦ በቅቤ እየቀቡ ይጠብቃሉ፣ አባት አስተናጋጁን እንደ ጥንቱ የካይሮ ልማድ፣ ከፈረንሳይኛ በተወሰደ ቃል፣ «ያ ሜትር!» ብሎ ይጠራዋል። ወይነ ጠጅ በብዙዎቹ ቤቶች አይቀርብም፤ በወይን መሠራት የሚገባው መረቅ በሥጋ ሾርባና በሎሚ ይሠራል፣ በአሳማ ሥጋ ምትክ የተጠበሰ ወይም በጢስ የደረቀ የበሬ ሥጋ ይገባል፣ ለመጠጥም ሎሚ በናዕናዕ ይታዘዛል። ጉድለት ነው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ምግቡ የአገሩን ሥርዓት መቀበሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በረመዳን ወር ይኸው ቤት የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ በዝምታ ይቆያል፤ ከዚያ ተምርና ሾርባ ቀድሞ ይቀርባል፣ ፓስታው ይከተላል።

በእኛም አገር የሁለቱ ምግብ አገባብ ተመሳሳይነት አለው፤ የፈረንሳዩ በባቡር፣ የጣልያኑ በጦር መጣ። በ1902 የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞቹን የፈረንሳዮቹን ማዕድ ከአዲስ አበባ አስቀድማ አወቀች፤ ባቡሩ በ1917 ዋና ከተማው ሲገባም በለገሃር ቡፌ ደ ላ ጋር ተከተለ። ከ1941 ድል በኋላ በአገሩ የቀሩ ጣልያኖች በፒያሳ እንደ ካስቴሊ ያሉ ምግብ ቤቶችን ከፈቱ፤ በእነርሱ ወጥ ቤት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶችና ወንዶች ሙያውን ወደየሰፈሩ አወረዱት። ዛሬ በማንኛውም የወረዳ ከተማ ፓስታ በስጎ ሲታዘዝ ማንም ጣልያንን አያስብም።

ከናስር ሲቲ በስተ ምዕራብ፣ በዓባሲያ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1968 ከፕሬዚዳንት ናስርና ከፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ ጋር ሆነው የመረቁት የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ቆሟል። በአካባቢው የሚኖሩ የቅብጥ ክርስቲያኖች እንደ እኛው ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ጾመ ነቢያትን ይጾማሉ፤ እኛ በእነዚያ ቀናት ፓስታ በአትክልት እንደምንበላ እነርሱም የራሳቸው መላ አላቸው። ሥጋውን በእንጉዳይ ወይም በአትክልት ይተኩታል፤ ቅቤውን በዘይት፣ ወተቱን በአትክልት መረቅ ወይም በሶያ ወተት ለውጠው፣ ዱቄቱን እንደ ወትሮው በቀስታ እያመሱ፣ የሉዊ 14ኛን አዛዥ መረቅ የጾም አድርገው ይሠሩታል። ስሙም መካሮና በሻሜል ሲያሚ፣ ማለት የጾም፣ ይባላል፤ በጾም ወራት በናስር ሲቲ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ቢጠይቅ በቅብጥ ጎረቤት ቤት አያጣውም።