«ቀረሽ» እና «ሄድሽ»፦ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች የፍቅርና የለቅሶ ግጥም እንደ ሠራተኛ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ ማለትም በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በአማራ ሳይንት ደጋዎች ተወልደው ጉልበታቸውን በመሸጥ ያደሩ ወጣቶችን ነው። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቀን የሌለው፣ ገጣሚው የማይታወቅ ባለሁለት ስንኝ የቃል ግጥም ስለ እነዚህ ወጣቶች ታሪክ ሊመሰክር ይችላልን?

ጥያቄውን የወለደው የሌላ ምስክር ማነስ ነው። በመዛግብት ቤት የምናገኘው ግብር የከፈለውን ባለርስት፣ በመሬት የተከራከረውን ባላባት፣ የዘመተውን ወታደር ነው። ክረምት ሲገባ ሊያርም፣ በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ የወረደው የሃያ ዓመት ወጣት ግን ስሙ ከተገኘ የሚገኘው እናቱ ባወረደችው ሙሾ ውስጥ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ገበሬው ድርቅንና ረኀብን በቃል ግጥም እንዴት እንደተናገረ አሳይተዋል። ጌቴ ገላዬም ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም የትኖራ፣ የደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር በገበሬው ስንኝ እንዴት እንደተመዘነ አጥንተዋል። ሁለቱም የመረመሩት ስለ መከራና ስለ መንግሥት በግልጽ የሚናገረውን ግጥም ነው። እኔ የማተኩረው ስለ ፍቅር ብቻ የሚናገር በሚመስለው ላይ ነው።

ፍቅርንና ለቅሶን አንድ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት የሚከፈለው የወል ቤት ሠርግንም ለቅሶንም ያገለግላል፤ ለደቦ አጨዳ የወጣ ስንኝ ጥቂት ቃል ተለውጦለት ለሐዘን ሊመለስ ይችላል። የሁለቱም ፍሬ ነገር የአንድ ሰው አለመኖር ነው። ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ የሌለው ማን ነው? የትስ ሄደ?

እዚህ ላይ ሰዋስው ያግዘናል። የአማርኛ ግሥ በሁለተኛ መደብ ነጠላ ጾታን አይደብቅም። ወንዱ ለሥራ ሲወርድና ልጅቱ በቀዬዋ ስትኖር የወንዱ ዘፈን «ቀረሽ» ይላል፤ የእናት ሙሾ «ሄድክ» ይላል። ይህ አከፋፈል ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ካለው የጉልበት ገበያ ጋር ይገጥማል። የተንዳሆ የጥጥ እርሻ በ1961 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ከወሎ ደጋ ሠራተኛ ሲስብ፣ የሁመራም የሰሊጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ በብዛት የወረደው ወንድ ነበር። ብርዱን የለመደ ሰውነት ቆላ ሲገባ ንዳድ ይጠብቀዋል፤ በሁመራና በመተማ ደግሞ ካላዛር የወቅት ሠራተኛውን ይፈጅ ነበር፤ ዛሬም ከአካባቢው አልጠፋም። በዚያ የሞተ ሬሳው አይመለስም። ስለዚህ በለቅሶው መካከል የሚወጣው ልብሱ ነው፤ ሙሾውም ለልብሱ ይደረደራል።

በ1977ቱ ረኀብ ዘመን ነገሩ ይለወጣል። በመላ አገሪቱ 600,000 ገደማ ሰው ለሠፈራ ሲጓጓዝና ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከወሎ ሲነሣ፣ የተለያየው ጎጆና ጎጆ፣ መንደርና መንደር ነው። እንግዲህ ከዚያ ዘመን በሚሰበሰብ ስንኝ «ሄዳችሁ» የሚለውን እንፈልግ እላለሁ፤ ይህ ግምቴ ነው፣ ሥራውም ገና ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ልጃገረዶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መውጣት ሲያበዙ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ደቡብ ወሎ ተመላሾቹን በብዛት ከተቀበሉት አካባቢዎች አንዱ ነበር። ለዘመናት «ቀረሽ» ሲባል የኖረው ዘፈን አሁን «ሄድሽ» ለማለት ተገደደ። ጠባቂው ወንዱ ሆነ። ይህ የአንድ ፊደል ልዩነት አይደለም፤ በቤት ውስጥ ገንዘብ አምጪው ማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚናገር የኑሮ ለውጥ ነው።

ተቃውሞው ይታወቀኛል፤ ዘፋኝ ስንኙን ከወንድ ወደ ሴት እንደ ፈቀደው ያዞራል። እውነት ነው። ሆኖም ቤት መምቻው ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። «ሄድክ» «ከመልክ» ጋር ቤት ይመታል፤ «ሄድሽ» ግን አይመታም። ስንኙ ሲዞር ቤቱ ከተሰበረ፣ ቀዳሚው የትኛው እንደነበር እንገምታለን። «ሄድህ» የሚሉም ስላሉ፣ ሰብሳቢው የዘፋኙን ዘዬ ሳይመዘግብ ይህን መመዘኛ አይጠቀምበት።

ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሰምና ወርቅ ፍለጋ ለእኛ ለተማርነው ልማድ ሆኖብናል፤ በእያንዳንዱ የፍቅር ስንኝ ሥር የደመወዝ አቤቱታ ተቀብሯል ብሎ መቆፈር ግን ልጁን መናቅ ነው። ልጁ ስለ ልጅቱ ዘፍኖ ሊሆን ይችላል። የታሪክ ሰው ሥራ ፍቅሩን ፍቅር ብሎ ተቀብሎ፣ ስንኙ በአጋጣሚ የጠራውን ወንዝ፣ የሥራ መሣሪያ፣ የክፍያ ቀን መልቀም ነው።

ለመሰብሰብ የምትወጡ ተማሪዎች አሁን በለቅሶው መካከል የሚወጣውንም ነገር ልብ በሉ። መርዶው በስልክ ይደርሳል። የጋቢውንና የኩታውን ቦታ በብዙ ቤት የያዘው፣ ልጅቱ ከባሕር ማዶ የላከችው ፎቶግራፍ ነው። አልቃሿ የምታወርደው ስለምታየው ነገር ነው፤ ስለዚህ የሙሾው ቃልም ከሸማና ከጥለት ወደ ፈገግታዋ፣ ከበስተኋላዋ ወደሚታየው የሰው ቤት መሄዱን ወይም አለመሄዱን ጽፋችሁ አምጡልኝ።