ኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው እና ድብርት፦ ማወቅ ያለባችሁ

ስንት ጊዜ አይታችኋል? ፎቶ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ «ወገኖቼ ድረሱልኝ»። ሼር እናደርጋለን፣ የቻልነውን እንልካለን። ፖስቱ የማይነግረን ግን ያ ሰው ፊቱን ለሕዝብ አውጥቶ እርዳታ መጠየቁ ራሱ ውስጡን ምን እንዳደረገው ነው።

እጥበት ወይም ዲያሊሲስ ማለት ደም በቱቦ ወጥቶ፣ በማሽን ተጣርቶ ሲመለስ ነው። አንዱ ዙር 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተለመደው በሳምንት 3 ጊዜ ቢሆንም እኛ አገር በወጪ ምክንያት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙ ናቸው። ከማሽኑ ሲነሱ ድካምና ራስ ማዞር አለ። ውኃ በልክ ነው፣ ሙዝና ብርቱካንም እንደዚያው። ሥራ ይቀራል፣ ትምህርት ይቋረጣል። ቤተሰብ ያለውን ሸጦ፣ ተበድሮ ያሳክማል። ታካሚው ደግሞ «ሸክም ሆንኩባቸው» እያለ ያድራል።

በተለያዩ አገራት የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ እጥበት ላይ ካሉ 4 ሰዎች አንዱ ገደማ የድብርት ሕመም አለበት። ችግሩ በቀላሉ አለመታወቁ ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት የኩላሊቱም የድብርቱም ምልክት ስለሆኑ «ኩላሊቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ሌላውን እዩ። ኳስ የሚወድ ሰው ጨዋታ ማየት ትቶ ከተኛ፣ ስልክ ማንሳት ካቆመ፣ «ምን ዋጋ አለው» ካበዛ፣ ይሄም 2 ሳምንት ከቆየ ዝም አትበሉ። የእጥበት ቀጠሮ መዝለል ከጀመረማ በጣም አሳሳቢ ነው። ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ያቆመ ሰው እጥበት ካቋረጠ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል።

እና ምን ይደረግ?

ፒኤችኪው-9 የሚባል 9 ጥያቄ ብቻ ያለው መጠይቅ አለ። በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሿል። አንዲት ነርስ ታካሚው ማሽን ላይ እያለ በደቂቃዎች ልትጠይቀው ትችላለች፤ ጎረቤት ወንበር እንዳይሰማ ቀስ ብላ።

ሕክምናውም እዚያው ሊሰጥ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ድብርት ያለባቸውን 120 የእጥበት ታካሚዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ማሽን ላይ እንደተቀመጡ የንግግር ሕክምና አገኙ፣ ግማሾቹ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰዱ። በ12 ሳምንት ሁለቱም ወገን ተሻላቸው። መድኃኒቱ ትንሽ በለጠ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ግን በዛ። ለኛ ትልቁ ነገር ወንበሩ ነው። ሌላ ቀጠሮ የለም፣ ሌላ የትራንስፖርት ብር የለም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሥነ ልቦና ባለሙያ እጥበት ክፍል ቢገባ ብዙ ይቀየራል ባይ ነኝ።

ቤት ውስጥስ? «አይዞህ፣ ካንተ የባሰ ስንት አለ» ወሬውን ይዘጋል። «የዛሬው እንዴት ነበር? ምኑ ከበደህ?» ብላችሁ አዳምጡ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ እጥበቱን ግን እንዳያቋርጥ። የሚጠጣው ጸበልም ከተፈቀደለት ውኃ ላይ ይቆጠራል።

«መሞት እፈልጋለሁ» ካለ ብቻውን አትተዉት። በዚያው ቀን ለእጥበት ክፍሉ ባለሙያዎች ንገሩ ወይም ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

የድብርት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙለት። ኩላሊት ሲደክም የብዙ መድኃኒቶች መጠን ይቀየራል። የአእምሮ ሐኪም ጋ ስትሄዱ እጥበት ላይ መሆኑን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።