ድንበር ያቋረጡ አልበሞች

የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ከአገር ርቆ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ሳሉ ያስቀረጿቸው ዜማዎች ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያውያን ቅጂዎች ይቆጠራሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሸክላና ግራሞፎን የጥቂት ባለጸጎች ቤት ዕቃ ሆነው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ደግሞ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። የማኅበሩ ሥራ በመድረክ ላይ ያተኮረ ስለነበር የከተማው አዲስ ሙዚቃ እየጎለመሰ ሳለ የሚያትመው አላገኘም።

ይህን አጥር የጣሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጾ ለኅትመት ወደ ህንድ ላከ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት የሕግ ቅጣትን ሳይፈራ የወሰደው ይህ እርምጃ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን ሲያወጣ ትልልቆቹ ግን ከደርዘን ገደማ አላለፉም። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ እየዞረ በየፊቱ አንድ ዘፈን ይይዛል። በደቂቃ 33 ጊዜ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ በየፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያ ዘመን የነበረ አድማጭ ስለሚወደው ሙዚቃ ሲጠየቅ የሚጠራው አልበም ሳይሆን ዘፈን የነበረውም ለዚህ ነው።

ከጥቂቶቹ ትልልቅ ሸክላዎች መካከል ግን እስከ ዛሬ ያልተበለጡ አሉ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» እና በ1974 በአምሃ ሪከርድስ የወጣው «የካቲት» የኢትዮ ጃዝ መሠረቶች ናቸው። ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ በኩል ያወጣው የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» (1975) ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድምፃዊው በነፋስ መሣሪያዎችና በኦርጋን መካከል ሲገባና ሲወጣ፣ ባንዱም ባልተለመደ ምት ሲከተለው የሚሰማው ግለት ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላው ሳይበርድ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው» ደግሞ ያለ ድምፃዊ አንድ ሙሉ ሸክላ በመሣሪያ ብቻ መሸከም እንደሚቻል አሳየ። ሙላቱ በቫይብራፎን የተሳተፈበት ይህ ሥራ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዛሬም የብዙ አገር ባንዶች የሚጫወቱትን ዜማ ይዟል።

የሸክላ ኅትመት ግን ብዙም ሳይቆይ አበቃ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ደርግ የጣለው ሰዓት እላፊ የሌሊት ክበቦችን አዳከመ፤ የሸክላ ምርትም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ። በቦታው የተተካው ካሴት ነው። ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ ዕቃ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ሙዚቃ ይይዛል፤ ማጫወቻው በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ካሴቱም በየቤቱ ይቀዳል። አንድ ድምፃዊ ከአንድ ባንድ ጋር ሆኖ አሥር ያህል ዘፈኖችን በአንድ ላይ ማውጣቱ የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው። አይቤክስ ባንድና ከእሱ የወጣው ሮሃ ባንድ ለቁጥር የሚያታክቱ ካሴቶችን አጀቡ። ሙዚቃ ቤቶች አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ያሰሙ ነበር። ዋናው ቅጂ ከተማውን ሳያዳርስ የቤት ቅጂው ይቀድመው ነበር፤ ይህም አርቲስቶቹን ገቢ አሳጥቷል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004፣ የካሴት ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው።

ሰው ርቆ ሲሄድ የትኛውን ሙዚቃ ይይዛል? የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1942 ጀምሮ በሮይ ፕሎምሊ አዘጋጅነት አንድ ዝግጅት ያስተላልፍ ነበር። እንግዳው ሰው በሌለበት ደሴት ብቻውን ቢቀር ይዟቸው የሚሄዳቸውን ስምንት ሸክላዎች ይመርጣል፤ ደሴቱ ላይ ማጫወቻ አለ ተብሎም ይታሰባል። ለብዙ ኢትዮጵያውያን ግን ደሴቱ ስደት ነበር፤ ማጫወቻውም የተረጋገጠ አልነበረም። ትልቁን ሸክላ ከነማጫወቻው ይዞ ድንበር ማቋረጥ አይታሰብም፤ ሙቀትም ያጣምመዋል። ካሴት ግን በኪስ ይገባል። ስደተኛው ይዞት የሚሄደውን ሙዚቃ ከምርጫ ይልቅ የወሰነለት የዕቃው ክብደት ነው።

ሞያሌ ከስደት በሮቹ አንዷ ናት። ድንበሩ ለሁለት የከፈላት ይህች ከተማ በሁለቱም በኩል ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪና ቡርጂ የሚኖሩባት ናት፤ በኬንያ በኩል ባሉት ሰፈሮችም ኦሮምኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወድቅ ብዙ ወታደሮችና ሲቪሎች በዚህ በኩል ወደ ኬንያ ገቡ። በአካባቢው የተቋቋመው የዋልዳ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲዘጋ ስደተኞቹ ወደ ካኩማ መጠለያ ተወሰዱ። ከዚያ የቀጠሉት በናይሮቢው ኢስትሊ በኩል አድርገው ወደ አሜሪካና አውሮፓ ተበተኑ። ድንበር የሚሻገር ሙዚቃም እንደ ሞያሌ በአንድ ቋንቋ አይታጠርም። የድሬዳዋው ዓሊ ቢራ ለዚህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአፍረን ቀሎ ቡድን የጀመረው ይህ ድምፃዊ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊ ዘፍኗል። እሱም ራሱ ለረጅም ጊዜ በውጭ አገር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022 አረፈ።

በስደት አዳዲስ አልበሞችም ተወለዱ። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አሳተመ። አስቴር አወቀ ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ውስጥ ስሟን ገንብታ እ.ኤ.አ. በ1989 በስሟ የተጠራውን አልበም በለንደን አወጣች፤ ከኢትዮጵያውያን አልፎ የሌላውን ዓለም አድማጭም ያገኘ ሥራ ሆነ።

ከውጭ የመጣ ፍላጎት ደግሞ የድሮውን ሸክላ መለሰ። «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ኅትመት የአምሃንና የካይፋን ሥራዎች በሲዲ አወጣ። የኃይሉ መርጊያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲታተም፣ ታክሲ እየነዳ ይኖር የነበረው ሙዚቀኛ ወደ መድረክ ተመለሰ። በካሴት ብቻ የወጡት የ1980ዎቹ አልበሞች ግን ይህን ዕድል እንደ ሸክላዎቹ አላገኙም። ዳግም የታተሙት ጥቂት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የሚገኙት በግለሰቦች እጅ ባሉ፣ ተደጋግሞ በመገልበጥ ድምፃቸው በደከመ ቅጂዎች ነው።